የ18650 ባትሪ ሲአይዲ ምንድን ነው?

ሲአይዲ (Current Interrupt Device፣ ከረንት አቋራጭ) የሚባለው በሲሊንደር ቅርጽ በሚሠሩ የሊቲየም አየን ሴሎች ክዳን ሥር የተደበቀ፣ በሴሉ ውስጥ የጋዝ ግፊት ሲያይል የኤሌክትሪክ መስመሩን ለሁልጊዜው የሚበጥስ ትንሽ ክፍል ነው። ይበልጥ የሚታወቀው በ18650 ሴሎች ነው፤ ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ወይም ድቡልቡል ሴል ያለው ፓወር ባንክ ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ይህ ሴል ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ለምን አስፈለገ? በሴሉ ውስጥ አየኖችን የሚያመላልሰው ኤሌክትሮላይት በቀላሉ የሚነድ ኦርጋኒክ ፈሳሽ ነው። በውስጡ የሟሟው ጨው ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ መርዛም ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ ቆርቆሮው ጥርቅም ተደርጎ ይታሸጋል። አየር የማያስገባ ግን ጋዝም አያስወጣም። ሴሉ ከ4.2 ቮልት በላይ ሲሞላ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ውስጡ ሾርት ሲያደርግ ኤሌክትሮላይቱ እየፈረሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅንና ኤትሊን የመሳሰሉ ጋዞችን ይለቃል። መውጫ ካጡ ቆርቆሮውን አፈንድተው ይወጣሉ።

ክዳኑን ከታች ወደ ላይ እንየው። በሴሉ ውስጥ ተደራርበው ከተጠቀለሉት የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ስስ ንጣፎች (ከጥቅልሉ) የሚወጣው የፖዘቲቭ ላሜራ ቀዳዳዎች ባሏት የታችኛዋ ዲስክ ላይ ይበየዳል። ከእሷ በላይ መሃሏ ወደ ታች የጎደጎደ ሌላ ስስ የአሉሚኒየም ዲስክ አለች። የሁለቱ ዳር በፕላስቲክ ቀለበት የተለያየ ነው፤ የሚገናኙት መሃል ላይ ባለች አንዲት የብየዳ ነጥብ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች ያሉት የፖዘቲቭ ራስ ይቀመጣል። ሴሉ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ከረንት በሙሉ በዚያች ነጥብ በኩል ያልፋል። የንድፉ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ግፊቱ የሚያርፍባትም መስመሩን የምትቆርጠውም ያችው አንዷ ዲስክ ስለሆነች ሴንሰርም ኤሌክትሮኒክስም አያስፈልግም።

የውስጡ ግፊት ወደ 10 ባር ገደማ ሲደርስ የላይኛዋ ዲስክ ወደ ላይ ትነሳለች፣ ብየዳዋም ይበጠሳል። ቁጥሩ እንደ አምራቹ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ ተሰክቶ ቢቆይም ወደ ሴሉ የሚገባ ከረንት የለም። ግፊቱ በዚህ ካልቆመና ወደ 20 ባር ከተጠጋ፣ በዲስኳ ላይ ሆን ተብሎ የተቀረጸው ስስ መስመር ይቀደድና ጋዙ በፖዘቲቩ ራስ ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ይህ ሁለተኛው ደረጃ ማስተንፈሻው ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ከረንቱ ይቆረጣል፣ ጋዙ የሚለቀቀው ያ ካልበቃ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ሲአይዲ በሰዓቱ እንዲሠራ ጋዙም በሰዓቱ መምጣት አለበት። ከመጠን በላይ የተሞላ ሴል በቂ ጋዝ ሳያወጣ ከጋለ ዲስኳ ሳትነሳ እሳቱ ይቀድማል። ለዚህ ሲሉ አንዳንድ አምራቾች በፖዘቲቩ ቅብ ውስጥ ጥቂት ሊቲየም ካርቦኔት ይጨምራሉ። በተለመደው ቮልቴጅ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቮልቴጁ ወደ 4.8 ሲጠጋ ፈርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጥና ዲስኳን ይገፋታል። ያም ሆኖ ቻርጁ በጣም ከፍተኛ በሆነ ከረንት ከሆነ ሙቀቱ ጋዙን ሊቀድመው ይችላል።

ሲአይዲ የሚያስቆመው ከውጭ የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት ብቻ ነው። ሾርቱ በጥቅልሉ ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም ሴሉ ተቀጥቅጦ፣ ተበስቶ ወይም በፋብሪካ የብረት ብናኝ ገብቶበት ከሆነ፣ የውጩ መስመር መቆረጡ ለውጥ አያመጣም። ማስተንፈሻውም ፍንዳታን እንጂ እሳትን አይከላከልም፤ የሚወጣው ጋዝ ራሱ ይነዳል፣ ይመርዛልም። ጥቅልሉ ተገፍቶ መውጫውን ከደፈነው ደግሞ ቆርቆሮው በጎኑ ሊቀደድ ይችላል።

ሴሎች ሲበዙ ችግሩ ይወሳሰባል። ብዙ ሴል በተከታታይ ሲያያዝ የአንዱ ሲአይዲ ቢከፈት የመስመሩ ሙሉ ቮልቴጅ በዚያች ጠባብ ክፍተት ላይ ያርፋል፤ ብልጭታ ተነስቶ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ጎን ለጎን በተያያዙት ላይ ደግሞ አንዱ ሲቋረጥ የእሱ ድርሻ ከረንት ወደቀሩት ይዞራል፤ እነሱም በተራቸው ይጨናነቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ተከታታይ ደረጃ የሚቆጣጠር ቢኤምኤስ (የባትሪ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ) የግድ ነው፤ ሲአይዲ የሚመጣው ቢኤምኤሱ ከከሸፈ በኋላ ነው።

ሌሎች የታሸጉ ባትሪዎች መንገዳቸው የተለየ ነው። በስልክና በስስ ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው ከረጢት መሰል ሴል እንዲህ ያለ ዲስክ የለውም፤ ያብጣል፣ በመጨረሻም በስፌቱ ይከፈታል። ያበጠውን መብሳት እሳት መጥራት ነው። በዩፒኤስ ውስጥ ያለው የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ ከላስቲክ የተሠራ ቫልቭ አለው፤ ከ1 ባር በታች በሆነ አነስተኛ ግፊት ተከፍቶ መልሶ ይዘጋል። እሱ ሲከፈት የሚወጣው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከባትሪው ውሃ የመጣ ስለሆነ ደጋግሞ መከፈቱ ባትሪውን ያደርቀዋል። ባለ 12 ቮልቱን ዘወትር ተሰክቶ ሲቆይ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት ላይ መያዝ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

18650 ለሚገጣጥም ሰው ዋናው ጥንቃቄ ያለው በፖዘቲቩ ራስ ላይ ነው። በካውያ አይበየድም፤ የካውያው ጫፍ ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ ክዳኑን የሚያሽገው ፕላስቲክ ግን ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ሆኖ በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የኒኬል ላሜራ በነጥብ ብየዳ ማያያዝ ይሻላል። የጎን ቀዳዳዎቹን በሙጫ መድፈን ማስተንፈሻውን መንቀል ማለት ነው፤ ከፖዘቲቩ ራስ በላይም ጋዝ የሚያልፍበት ክፍተት ይተው።

መልቲሜትር 0 ቮልት የሚያሳይ ሴል ቢገኝ በመጀመሪያ የመከላከያ ሰሌዳ እንዳለው ይታይ። ሰሌዳው ከቆለፈ ቻርጀር ላይ ሲገባ ሊመለስ ይችላል። ሰሌዳ ከሌለውና ንባቡ ዜሮ ወይም የሚዋዥቅ ከሆነ ሲአይዲው ተከፍቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ዲስኳን በመርፌ ገፍቶ መልሶ ለማገናኘት የሚሞክሩ አሉ፤ ይህ አይደረግም። ሴሉ ከመጠን በላይ ተሞልቶ የተቋረጠ ከሆነ ያ ሁሉ ጉልበት አሁንም ውስጡ አለ፣ መልቲሜትሩ ስላላየው አልጠፋም። ሁለቱንም ጫፎች በቴፕ ሸፍኖ፣ አሸዋ ባለበት ብረት ዕቃ ውስጥ ከቤት ውጭ ማስቀመጥ፣ ከዚያም የባትሪ ቆሻሻ ለሚቀበል ማስረከብ ይገባል።