ስለ ኒውትሮንና ስለ አቶም አስኳል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ ፊዚክስ በማስተምርባቸው ዓመታት ስለ ኒውትሮን በጠየቅሁ ቁጥር ከፈተና ወረቀት የማላጣው አንድ መልስ አለ፦ «ክሮስ ሴክሽን ማለት የአስኳሉ ስፋት ነው።» ከዚሁ ስሕተት የሚወለዱ ሌሎችም ስላሉ አንድ በአንድ ብናያቸው ይሻላል።

አመለካከት፦ ክሮስ ሴክሽን የአስኳሉ መጠን ነው።

እውነታው፦ ክሮስ ሴክሽን ኒውትሮን ከአስኳል ጋር የተወሰነ ዓይነት መስተጋብር የማድረግ ዕድሉ በስፋት ሲገለጽ ነው። መለኪያው ባርን ይባላል፤ የካሬ ሴንቲሜትር ትሪሊዮን ትሪሊዮንኛ ነው። ስሙን በ1942 አሜሪካውያን ፊዚሲስቶች በቀልድ ያወጡት ሲሆን፣ በቋንቋቸው የእህልና የከብት ማኖሪያ ቤት ማለት ነው። ዜኖን የተባለው ጋዝ አስኳል በራዲየሱ ሲሰላ ስፋቱ ከአንድ ባርን ብዙም አይርቅም፤ ሆኖም ዜኖን 135 (ቁጥሩ በአስኳሉ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ድምር ነው) ቀርፋፋ ኒውትሮንን የመዋጥ ክሮስ ሴክሽኑ ወደ 2.6 ሚሊዮን ባርን ይደርሳል። በአንድ ኒውትሮን ብቻ የሚበልጠው ዜኖን 136 ግን ግማሽ ባርን እንኳ አይሞላም። መጠናቸው እኩል ሊባል የሚችል ሁለት አስኳሎች ይህን ያህል ከተራራቁ፣ ቁጥሩ ከመጠን የመጣ አይደለም።

አመለካከት፦ ኒውትሮኑ በፈጠነ ቁጥር አስኳሉን የመሰንጠቅ ዕድሉ ይጨምራል።

እውነታው፦ ጣሊያናዊው ፊዚሲስት ኤንሪኮ ፌርሚ በ1934 ሮም ውስጥ በፓራፊን ሰም የተቀዛቀዙ ኒውትሮኖች በአስኳል ላይ ይበልጥ እንደሚሠሩ አይቷል። ዩራኒየም 235 በሰከንድ 2,200 ሜትር ለሚጓዝ ኒውትሮን 585 ባርን ያህል የመሰንጠቅ ክሮስ ሴክሽን ሲኖረው፣ አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ኒውትሮኑ ይፈጥናል) ለያዘው ግን ከአንድ ባርን ጥቂት ቢያልፍ ነው። በመካከል ደግሞ ሬዞናንስ የሚባሉ ሹል ጫፎች አሉ፤ ዩራኒየም 238 በ6.67 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ በድንገት ኒውትሮን ዋጭ ይሆናል።

አመለካከት፦ እርሳስ ከባድ ስለሆነ ኒውትሮንን የሚያስቆመው እሱ ነው።

እውነታው፦ እርሳስ ለጋማ ጨረር ነው። ፈጣን ኒውትሮንን የሚያቀዘቅዘው በክብደት የሚመስለው ሃይድሮጅን ስለሆነ፣ ውሃ የተሻለ ይሠራል።

አመለካከት፦ ኒውትሮን ኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ፍጥነቱን መለካት አይቻልም።

እውነታው፦ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። መግቢያው ላይ ካርድ የተወሰደበትና መውጫው ላይ የተከፈለበት ሰዓት ከታወቀ፣ አማካይ ፍጥነቱ ይሰላል። በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ በሰርን፣ ኒውትሮኖች የሚጓዙበትን ጊዜ በሚለካው የኤን ቶፍ ማዕከል ፕሮቶኖች የእርሳስ ዒላማ ሲመቱ ኒውትሮኖች ይወጣሉ፤ አንደኛው የመለኪያ ጣቢያ 185 ሜትር ርቆ ይጠብቃቸዋል። አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የያዘው በ13 ማይክሮ ሰከንድ፣ 6.67 የያዘው በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል።

አስቸጋሪው መንገድ ላይ የዘገየው ነው። ጎማ ሊቀይር የቆመ ፈጣን መኪና በካርዱ ሲታይ ቀርፋፋ እንደሚመስል ሁሉ፣ ከግድግዳ ጋር ተላግቶ የመጣ ኒውትሮንም በሐሰት ቀርፋፋ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ለካዮች በአንድ የታወቀ ሬዞናንስ ላይ ኒውትሮኖችን ሁሉ የሚውጥ ማጣሪያ መንገዱ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የዚያ ሬዞናንስ ኒውትሮኖች ሊደርሱ በሚገባቸው ቅጽበት አሁንም የሚቆጠር ካለ የተሳሳተ ስለሆነ ከውጤቱ ይቀንሱታል።