ጣናና ባሕር ዳር፦ ልማትና አካባቢ ጥበቃ በመንግሥት ፖሊሲ

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ቢልም ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ግን ስፋቱን አይመስልም፤ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በታች የሚነሳው ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ነው። እንደ ፎገራና ደንቢያ ባለ ሜዳማ ዳርቻ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል መሬቱ ብዙ ርቀት ይገለጣል።

ከ60 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከወንዞች ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያመጡት ግን ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። የተፈጥሮ መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባሕር ዳር ላይ የሚነሳው አባይ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ሰው የሠራው ሁለተኛ መውጫ ተጨምሮበታል።

ይህ ጽሑፍ በሐይቁና በከተማዋ ዙሪያ መንግሥት ልማትንና ጥበቃን ለማስታረቅ ያወጣቸውን ሕጎችና የሠራቸውን ሥራዎች በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ የተዘጋጀ ነው። ስለ ጣና ብዙ ተጽፏል፤ ግን አንዱ ስለ ገዳማቱ፣ ሌላው ስለ እምቦጭ አረም፣ ሌላው ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚያወራው።

ከተማዋ እንዴት አደገች

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች ማለት ይቻላል። የለወጣት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን የተሠራው ጣልያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሶቪየት ኅብረት እገዛ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። ለዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ከሆኑት ተቋማት አንዱ እሱ ነው። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የጢስ አባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ማስተር ፕላኗን የጀርመን ባለሙያዎች ነደፉላት። ሰፋፊ መንገዶቿና በዘንባባ የተሸፈኑት ጎዳናዎቿ ከዚያ ዘመን የመጡ ናቸው። ዛሬም እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው እነሱን ነው።

ፋብሪካውና ጣቢያው ሲተከሉ ስለ አካባቢ የጠየቀ የለም። በዓለምም ቢሆን ጥያቄው ገና አልተለመደም ነበር። በደርግ ዘመን ሁለት ነገሮች ተጀምረው ኋላ ላይ ትልቅ ሆነዋል፤ የፎገራ ሩዝና በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የንግድ ዓሣ ማስገር።

ሕጉ ምን ይላል

ሕግ አልጠፋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 የልማት መብትን፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንቀጽ 44 ንዑስ 2 ብዙ ጊዜ ይረሳል። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ንጹሕ አካባቢና ካሳ በአንድ አንቀጽ ውስጥ መግባታቸው እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

የአገሪቱ የአካባቢ ፖሊሲ በ1989 ዓ.ም. ጸደቀ። በ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። አዋጅ ቁጥር 295 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችን አቋቋመ። 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ግዴታ አደረገ። 300 ብክለትን ይቆጣጠራል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያውቀው በር ከፍቷል። ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በዚህ በር የሚገባ ግን እምብዛም አይታይም።

በግምገማው አዋጅ ላይ የሚነሳው ትችት ሌላ ነው። የፌዴራሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመገምገም ሥልጣኑን ለሴክተር ሚኒስቴሮች በውክልና የሰጠበት ጊዜ ነበር። መንገድም ሆነ ግድብ የሚሠራው ክፍል የራሱን ፕሮጀክት ራሱ ይገመግማል ማለት ነው። አሠራሩ ጊዜ ቆጥቧል የሚሉ አሉ። ቆጥቦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ራሱ ፈታኝ ራሱ አራሚ የሆነበት አሠራር የትም አያዋጣም።

በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አገሪቱ የበካይ ጋዝ ልቀቷን ሳትጨምር መካከለኛ ገቢ ላይ እንድትደርስ ያለመ ነበር። ከምሰሶዎቹ አንዱ ከውሃ የሚመነጭ ኃይል ነው። እዚህ ላይ ጣና ይመጣል።

የውሃው ከፍታ

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ አባይ ከሐይቁ በሚነሳበት አካባቢ ጨረጨራ የሚባል ዝቅተኛ ግድብ አለ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ በሁለት በሮች ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. አምስት በሮች ተጨመሩለት። ዓላማው የክረምቱን ውሃ በሐይቁ ውስጥ ይዞ በበጋ ቀስ እያሉ መልቀቅ ነበር። ከዚያ ጋር 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ አባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጣና ከሐይቅነቱ በተጨማሪ ማጠራቀሚያ ሆነ። የውሃው ከፍታም የዝናብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረና የውሳኔ ጉዳይ ሆነ።

ውሳኔው ምን ሊያስከትል እንደሚችል በ1995 ዓ.ም. ታየ። ዝናቡ ቀደም ብሎ አንሶ ነበር። ኃይል ግን ያስፈልግ ስለነበር ውሃ መለቀቁ ቀጠለ። ሐይቁ ተለክቶ ከሚታወቀው ዝቅተኛ ከፍታው ደረሰ። መርከቦች ለወራት ቆሙ። ደሴትና ባሕረ ገብ መሬት ላይ የሚኖረው ሰው ወደ ገበያና ወደ ሐኪም መሻገሪያው ጠበበ። ጥፋቱ ምን ያህሉ የድርቁ ምን ያህሉ የበሩ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የሁለቱም ድርሻ እንዳለበት ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ።

ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ተከተለው። በፎገራ፣ በሊቦና በደንቢያ ባሕር ሸሽ የሚባለው መሬት ጥቁር፣ እርጥበት የያዘና ማዳበሪያ ብዙም የማይጠይቅ ነው። ማን ዝም ብሎ ያየዋል? በዳርቻው የሚበቅለው ረጅም የውሃ ሳር፣ ደንገሉ፣ ታጨደ፣ ተቃጠለ፣ ታረሰ። ደንገል ሲጠፋ ከእሱ ታንኳ የሚሠሩት፣ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ዕቃቸውን ከሩቅ መፈለግ ጀመሩ። ዓሣውም የሚራባበትን ጥላ አጣ። ከወንዝ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራም ቀነሰ።

ከዚያ ጣና በለስ መጣ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የሐይቁ ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ሸለቆ ይወርዳል። ሁለተኛው መውጫ ያልነው ይህ ነው። ለአገሪቱ የኃይል ችግር ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሂሳቡን የከፈለው ግን ጢስ እሳት ፏፏቴ ነው። የቀድሞውን ጢስ ያዩ ሽማግሌዎች በበጋ ሄደው የሚያዩትን ፏፏቴ አይሉትም። በሐይቁ ዙሪያ የታቀዱት የመስኖና የኃይል ሥራዎች ሁሉ ተግባራዊ ቢሆኑ አማካይ ከፍታው በ44 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ እንደሚችል አንድ የውሃ አስተዳደር ጥናት አስልቷል። 44 ሴንቲ ሜትር ለጎጃም ተራራ ምንም አይደለም። ለፎገራ ሜዳ ግን ብዙ ነው።

ከመስኖዎቹ ውስጥ በደንብ የሚታወቀው መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ ነው። 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማልማት ታቅዶ ተሠራ። ዛሬ ከድንችና ሽንኩርት አልፎ አቮካዶ ወደ ውጭ ይላክበታል። የርብ ግድብም ተሠርቷል።

እምቦጭ

እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው በ2003 እና 2004 ዓ.ም. መካከል፣ በደንቢያ በኩል መገጭ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ ነው። እንዴት እንደገባ ብዙ ወሬ አለ። በጀልባ ነው የሚሉ አሉ፣ በመረብ ነው የሚሉ አሉ፣ ለጌጥ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ አንዱን መርጦ መጻፍ አይቻልም። ለምን እንደተንሰራፋ ግን ግልጽ ነው። ከተራቆተው ደጋ ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ፣ በላዩም የከተሞች ፍሳሽ ተጨምሮ ለአረሙ ግብዣ ሆኖለታል።

አረሙን የነቀለ ሰው ያውቀዋል። ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ተያይዘው ይስቡታል። ሥሩ እንደ ጥቁር ፀጉር ተንዠርግጎ ጭቃና ውሃ ይዞ ስለሚወጣ ከባድ ነው። ዳር ላይ ተቆልሎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ካልራቀ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይንሳፈፋል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተጀመረው የአንድ ወር ዘመቻ በዚህ መልክ ብዙ ሺህ ሰው አሳትፏል። ከአገር ውስጥም ከውጭም በመዋጮ ማሽኖች መጡ። ሕዝቡ ለጣና ያሳየው ፍቅር የሚያኮራ ነበር። ማሽኖቹ ግን በመለዋወጫና በነዳጅ እጥረት ቆመው የሚታዩበት ጊዜም ነበር።

ዘመቻ ብቻውን የማይጨርሰው ከዘሩ የተነሳ ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ፀሐይ ሲያገኝ ይበቅላል። ስለዚህ የእምቦጭ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የውሃ ከፍታ ጉዳይ ነው፤ የግድቡን በር ቁልፍ የያዘውና አረም የሚነቅለው ግን አንድ መሥሪያ ቤት አይደሉም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ አረሙን ብቻ የሚበላ ጥንዚዛ ተለቆ ጥሩ ውጤት ታይቷል። ለጣናም ይሁን አይሁን በሚለው ላይ ተመራማሪዎች አልተስማሙም።

ባዮስፌርና ዓሣ

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዘገበው። ከካፋ፣ ከያዩና ከሸካ ቀጥሎ በአገሪቱ አራተኛው ነው። የሸፈነው ቦታ ወደ 696 ሺህ ሄክታር ይደርሳል። አሠራሩ ሰው አስወጥቶ አጥር ማጠር አይደለም። ጥብቅ፣ ተጠባባቂና የልማት ቀጠና ብሎ ይከፍለዋል፤ ሰው እያረሰና እያሰገረ እንዲኖር ይፈቅዳል።

ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የሚመሳሰለውን የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮታል። በትውፊቱ መሠረት በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በበሬ ማረስን ስለከለከሉ ኑሮው በቡናና በጌሾ ላይ ቆመ። ዛሬ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚሄድ ሰው ዳርቻው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚያገኘው እዚያ ነው። ውግዘት አዋጅ የማይሠራውን ሲሠራ የሚታይበት ቦታ ነው።

ዓሣው ግን እንዲህ አልተጠበቀም። ጣና ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ አሉ። ሳይንስ ይበልጥ የሚያደንቀው በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር የማይገኙትን ከ10 በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ነው። ብዙዎቹ በክረምት ማብቂያ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። አስጋሪውም ይህን ያውቃል፤ መረቡን የወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ከ1980ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደ የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች ጥናት የእነዚህ ዝርያዎች ብዛት በ10 ዓመት ውስጥ በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። ቁጥጥሩ ግን ጀልባና ነዳጅ ይፈልጋል።

ዳርቻው የማን ነው

በከተማዋ ውስጥ ዋናው ክርክር የሐይቁ ዳር ነው። ሆቴልና ሪዞርት ሥራ ፈጥሯል፣ ቱሪስት አምጥቷል። በዚያው ልክ ነዋሪው ቡና ሳይገዛ ውሃውን የሚያይበት ቦታ ጠቧል። በቅርብ ዓመታት የተጀመረው የኮሪደር ልማት የተወሰነውን ዳርቻ ለእግረኛ ከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይም ለከተማዋ ሌላ መልክ ሰጥቷታል። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ደግሞ በውሃ ፓምፕ የሚለማው ጫት ነው የሚታየው። ለገበሬው ከጫት የሚገኘው ገንዘብ ከበቆሎ ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ ምክር ብቻ አያስተወውም።

ተቋማቱ ራሳቸው አልረጉም። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የአባይ ተፋሰስ ባለሥልጣን መቀመጫው ባሕር ዳር ነበር። በኋላ ወደ አገር አቀፍ የተፋሰሶች ባለሥልጣን ተጠቃለለ፣ ያም ወደ ሚኒስቴሩ ገባ። ክልሉ በበኩሉ ለጣናና ለሌሎች የውሃ አካላት ጥበቃ የራሱን ኤጀንሲ አቋቋመ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ የመስክ ሥራውን ከባድ አድርጎታል።

በይደር ካሉት ሥራዎች ዋናው በሐይቁ ዙሪያ የማይታረስ ቀጠና መከለል ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። መሬት ላይ ሲወረድ ግን ባሕር ሸሽ የሚያርሰው ገበሬ ብዙ ጊዜ የይዞታ ደብተር የለውም። ደብተር የሌለው ካሳ ሲጠይቅ በምን ያስረዳል? አንቀጽ 44 ንዑስ 2 ኑሮው የተነካበትን ሰው እንጂ ደብተር ያለውን ሰው አይልም። ሥራ ላይ ያለው የካሳ አሠራር ግን ደብተር ይጠይቃል። ይህ እስኪፈታ ድረስ ገበሬው የድንበር ምልክቱን በበጎ ዓይን ያያል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።