ካይሮን በመኪና መስኮት አይታችሁ አትፍረዱባት

ከአገር ቤት ወደ ካይሮ የሚመጣ ዘመድና ወዳጅ ሁሉ አስቀድሞ ይደውልልኛል። የሚጠይቀኝን መልሱን ይዞ ነው የሚጠይቀኝ፦ «ፒራሚዱን ካየን ሌላ ምን አለ? አንድ መኪና ከነሹፌሩ ብንይዝ ቀኑ ይበቃናል አይደል?» አይበቃም። እዚህ ተቀምጬ እንግዳ ሳስጎበኝ ይህንኑ መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ካይሮ ከሚነገሩት ስሕተቶች ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ።

«ፒራሚዶቹን የሠሩት በባርነት የነበሩት እስራኤላውያን ናቸው።» መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እንዲህ አይልም። ኦሪት ዘጸአት የሚያነሣው ፊቶምንና ራምሴን፣ ጭቃንና ጡብን ነው። የኩፉ ፒራሚድ የድንጋይ ሥራ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ቆሟል። በ1990 የሠራተኞቹ መቃብር እዚያው አጠገብ ተገኝቷል። ባሪያን ደግሞ በንጉሥ መቃብር ጥግ በክብር የሚቀብር የለም።

«የስፊንክሱን አፍንጫ የሰበረው የናፖሊዮን መድፍ ነው።» ናፖሊዮን የመጣው በ1798 ነው። ኖርደን የተባለው ዴንማርካዊ በ1737 ሲስለው አፍንጫው ቀድሞውኑ አልነበረም።

«ፒራሚዱ በረሃ መካከል ነው።» ከስፊንክሱ ፊት ለፊት መኖሪያ ቤትና ምግብ ቤት ተደርድሯል።

«ሁሉም ነገር ታሕሪር አደባባይ ያለው ሙዚየም ውስጥ ነው።» ድሮ ነበር። የነገሥታቱ አስከሬኖች በ2021 ፉስጣጥ ሰፈር ወዳለው ሙዚየም ሄደዋል፤ የቱታንኻሙን ሀብት ደግሞ በ2025 በተመረቀው፣ ጊዛ ባለው ታላቁ ሙዚየም ነው። ታሕሪር ሄዶ «ወርቁ የታል?» ብሎ የተቆጣ እንግዳ አጋጥሞኛል። እኔን ነበር የተቆጣው።

አሁን ወደማልታገሣት ልምጣ፦ «ካይሮን በእግር ማየት አይቻልም።»

መንገዱ ይጨናነቃል፣ ጥሩምባው ጆሮ ይበጥሳል፣ መኪናው ለእግረኛ አይቆምም፤ ይህን አልክድም። ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ መኪና ውስጥ እንቀመጥ» ማለት ምን ዓይነት ስሌት ነው? መንገዱን ያጨናነቀው እኮ መኪናው ነው! የአጎቴ ልጅ ምክሬን ትቶ ለሙሉ ቀን መኪና ተከራየ። ከጊዛ ወደ ኻን አል ኸሊሊ ገበያ ሲመለስ ከሰዓቱ ኦክቶበር 6 ድልድይ ላይ አለቀ። ገበያው ጋ ሲደርስ ሹፌሩ የሚያውቀው ሱቅ ውስጥ አስገባው፤ ሽቶና ፓፒረስ ተሸክሞ ወጣ። ማታ «ካይሮ እንዴት ነች?» ብዬ ስጠይቀው «አቧራና ጥሩምባ» አለኝ። ምን ያድርግ፣ ያሳዩት እሱን ነው።

እኔ የምላችሁ ይህ ነው። ፋጢማውያን የሚባሉት የሙስሊም ገዢዎች በ969 የቆረቆሩት ከተማ የሰሜን በር ባብ አል ፉቱሕ፣ የደቡቡ ባብ ዙወይላ ይባላል። ሁለቱን የሚያገናኘው የአል ሙዒዝ ጎዳና ረጋ ብሎ ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ርዝመቱ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም አይዘልም። ከሰሜን ጀምሩ። በሩን እንዳለፋችሁ በስተግራ የአል ሓኪም መስጊድ አለ። ቀጥሎ ወደ ግራ በምትታጠፈው ጠባብ መንገድ በ1648 የተሠራው የነጋዴ ቤት፣ በይት አል ሱሐይሚ፣ አለ፤ ግቢው ውስጥ ሆናችሁ ከተማውን አትሰሙትም። ወደ ጎዳናው ተመለሱና ሱልጣን ቀላውን በ1285 ያስጨረሰውን ሕንፃ ግቡበት፤ መቃብሩ፣ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ በአንድ ላይ ነበሩ። የአዝሃርን አውራ መንገድ ከተሻገራችሁ በኋላ ቱሪስቱ ይቀንሳል፤ ሻጩም ለካይሮ ሰው ብርድ ልብስና የውስጥ ልብስ የሚሸጥ ነው። ባብ ዙወይላ ስትደርሱ ትኬት ቆርጣችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከበሩ ማዶ ጣሪያ በለበሰው መንገድ ድንኳን ሰፊዎቹ ተቀምጠው ጨርቅ ይጠልፋሉ። ይህን ሁሉ የትኛው መኪና ያሳያችኋል?

መንገድ መሻገር ካስፈራችሁ ከአንድ የአገሩ ሰው ጎን ቆማችሁ እሱ ሲራመድ ተራመዱ። አትሩጡ፣ መሐል ላይ አትቁሙ፣ ወደ ኋላ አትመለሱ። ሹፌሩ የሚገምተው እርምጃችሁን ነው፤ ሐሳብ የቀየራችሁ ጊዜ ነው የሚጨነቀው። ረጅሙን መንገድ በሜትሮ ሂዱ፤ ከ1987 ጀምሮ ይሠራል፣ በአፍሪካም የመጀመሪያው ነው። «ለሴት ብቻዋን አይሆንም» ለሚሉኝ፦ ለከፋ አለ፣ አላጣፍጠውም። ነገር ግን ባቡሩ መሐል የሴቶች ብቻ ፉርጎዎች አሉት፤ እኅቴም ስትመጣ በእነሱ ነው የምትሄደው። ነጠላ ያዙ፤ መስጊድ ስትገቡ ፀጉር ለመሸፈን ያገለግላችኋል። የከተማውን መሐል በእግር ለማየት ከዓርብ ጠዋት የተሻለ ጊዜ የለም፤ ሱቁ ዝግ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው። ቁርሳችሁን ፉል ብሉ። አዲስ አበባ የምታውቁት ፉል ነው፤ አትፍሩት።

«አሮጌው ካይሮ» እያሉ ሁሉንም አንድ ሰፈር የሚያደርጉም አሉ። አሁን ያልኩት የፋጢማውያኑ ከተማ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉበት ሰፈር ከዚያ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ፣ በሮማውያን ምሽግ ውስጥ ነው። ከታሕሪር በሜትሮ አራተኛው ጣቢያ ማር ጊርጊስ ላይ ስትወርዱ ፊት ለፊታችሁ ታገኙታላችሁ።

የእኛ ምእመናን ደግሞ ሌላ ስሕተት ይጨምሩበታል፦ «ጳጳሶቻችን ይመጡ የነበረው ከእስክንድርያ ከተማ ነው።» ማዕረጉ የእስክንድርያ ነው፤ መንበሩ ግን ከ11ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ካይሮ ነው። መጀመሪያ ያረፈው በምሽጉ በር ላይ በተሠራችው በሙዓለቃ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1660 ድረስ ለረጅም ዘመን የቆየው በሓረት ዙወይላ ነው፤ ይህም «የሙስሊሞች ካይሮ» ከሚሉት ሰፈር መሐል፣ ከኻን አል ኸሊሊ በእግር የሚደረስበት ነው። አቡነ ባስልዮስ በ1959 ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙትም እዚሁ ካይሮ ነው። ይህን የሰሙ አንዲት እናት በሓረት ዙወይላ ደጃፍ ሰግደው አልነሣ ብለውኛል።

የመጨረሻዋ የአባይ ነገር ናት። በነሐሴ የመጣ ሁሉ ቀስር አል ኒል ድልድይ ላይ ቆሞ «አፈራችን የታለ?» ይላል። አፈራችሁ እዚህ አይደርስም። የአስዋን ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ባለው ሐይቅ ይቀራል። የድሮውን ሙላት ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ሮዳ ደሴት ሂዱ። በ861 የተሠራው የውኃ መለኪያ ጉድጓድ እዚያ አለ፤ መሐሉ ላይ በክንድ የተለካ የእብነ በረድ ምሰሶ ቆሟል። ክረምት ከእኛ ተራራ የወረደው ውኃ 16 ክንድ ከሞላ ዓመቱ የጥጋብ ነው፤ የዓመቱ ግብርም በዚያው ይተመን ነበር። ከማር ጊርጊስ ቅርብ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጠዋት አድርጓቸው፤ ደረጃው ቁልቁል ነው፣ የሚያንሸራትት ጫማ አታድርጉ።