ቮካሊዝ፦ ቲም ሃውዘር በቅኔ አገር ጆሮ

ቮካሊዝ በጃዝ ሙዚቃ የሚታወቅ የአዘፋፈን ስልት ነው። አንድ ሙዚቀኛ በሳክስፎን ወይም በትራምፔት ተጫውቶ በሸክላ ያስቀረጸው ዜማ ይወሰድና ለእያንዳንዱ ድምፅ ቃል ተገኝቶለት ይዘፈናል። ዜማው ቀድሞ አለ፤ ግጥሙ በእርሱ ልክ መሰፋት አለበት። ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ኤዲ ጀፈርሰን ነው። ስልቱን ለብዙ አድማጭ ካደረሱት መካከል ደግሞ ቲም ሃውዘር የመሠረተው ማንሃተን ትራንስፈር የተባለው የአራት ድምፃውያን ቡድን ይገኛል።

ለጎጃም ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዲማ የቅኔ ቤት የተማረ ሁሉ ቅኔ በዜማ ልክ እንደሚቆጠር ያውቃል። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እያንዳንዱም የዜማ ልክ ተወስኖለታል። ደበሎውን ደርቦ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንዱን ቃል ያነሣል፣ ሌላውን ይጥላል፤ አንዲት ቀለም ብትተርፍ ወይም ብትጎድል ዜማው ይሰበርበታል። ልዩነቱ፣ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ሆኖ ይዘረፋል እንጂ የትናንቱ አይደገምም፤ ቮካሊዝ ግን በሸክላ የቀረውን ድምፅ እግር በእግር ይከተላል።

ሃውዘር እ.ኤ.አ. በ1941 በኒውዮርክ ግዛት በትሮይ ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያው ቡድኑ አንድ አልበም ብቻ አውጥቶ ተበተነ፤ እርሱም ታክሲ መንዳት ጀመረ። በ1972 ካሳፈራቸው ሰዎች አንዷ ዘፋኝ ለመሆን የምትመኘው አስተናጋጅ ሎረል ማሴ ነበረች። ከእርሷ፣ ከጃኒስ ሲገልና ከአለን ፖል ጋር ቡድኑን እንደገና አቋቋመው። በ1979 ማሴን ሸሪል ቤንታይን ተካቻት።

ከቅጂዎቻቸው ሁሉ ልቤ የሚያደላው ለ«ቦዲ ኤንድ ሶል» ነው። ኮልማን ሆኪንስ በ1939 በሳክስፎን የተጫወተውን ዜማ በ1979 በድምፅ ሲመልሱት፣ ሳክስፎን ነፊው ትንፋሽ የሚሰበስብባት ቦታ እንኳ ትሰማለች። «በርድላንድ» የጆ ዛቪኑል የመሣሪያ ቅንብር ነበር፤ ጆን ሄንድሪክስ ግጥም ሰጠው፣ አራቱም ድምፃውያን እንደ አንድ ባንድ ገቡበት፣ የግራሚ ሽልማትም አገኘ። ሄንድሪክስ ግጥሞቹን የጻፈለት የ1985ቱ «ቮካሊዝ» አልበም 12 የግራሚ እጩነት አግኝቷል። ስልቱን ለመማር የሚሻ ሰው በዚህ አልበም ቢጀምር ይሻለዋል።

ሃውዘር ጥቅምት 6 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2014) በ72 ዓመቱ ዐረፈ። ቡድኑ በትሪስት ከርለስ ተክቶት እስከ እ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ድረስ ዘለቀ።

ባሕር ዳር፣ ቤታችን ቡና ሲፈላ፣ ሃውዘርን የማስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1975ቱ አልበም ባለው «ጃቫ ጃይቭ» ነው፤ ቡናን የሚያወድስ የቆየ ዘፈን። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ አቦሉ ሳይቀዳ ያልቃል፤ እስከ በረካ ድረስ ደጋግሜ እከፍተዋለሁ።