ከሻማ እስከ መስታወት ክር፦ የኢንዶስኮፒ መሣሪያዎች ታሪክ

ኢንዶስኮፒ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ የሰውነትን ውስጥ በዓይን የማየት ምርመራ ነው። ዛሬ ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ሐኪም ዘንድ ለሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ይታዘዝለታል። የምርመራው የድሮ መሣሪያዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል። ተራ በተራ ያያቸው ሰው ሐኪሞችን ለዘመናት ያስቸገራቸው ብርሃን እንደሆነ ይገባዋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቱቦውና መክፈቻውማ ጥንትም ነበር። በ79 ዓ.ም. እሳተ ገሞራ ከቀበራት ከጥንቷ የሮማውያን ከተማ ፖምፔይ የነሐስ የማህፀን መክፈቻ ተገኝቷል። ብሎኑ ሲዞር ምላሶቹ ይከፈታሉ። ችግሩ የቀን ብርሃን ከሚደርስበት አልፎ ማየት አለመቻሉ ነው።

ይህን ሊፈታ የተነሳው ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ቦዚኒ ነው። በ1806 በጽሑፍ ያስተዋወቀው መሣሪያ ሊሽትላይተር (ብርሃን አስተላላፊ) ይባላል። በቆዳ የተለበጠ፣ የአበባ ማስቀመጫ የሚመስል የቆርቆሮ ዕቃ ነው። ውስጡ ሻማ ይበራል፣ ከሻማው ኋላ ብርሃኑን የሚያንጸባርቅ መስታወት አለ። ሻማው እየነደደ ባጠረ ቁጥር ከሥሩ ያለው ሞላ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነበልባሉ ከቦታው ዝቅ አይልም። ቱቦው መሃል ላይ ተከፍሎ በአንዱ ወገን ብርሃን ይገባል፣ በሌላው ሐኪሙ ያያል። እንዲህ ያለ ብልሃት በሻማ ዘመን መታሰቡ እስካሁን ያስደንቀኛል። በቪየና በሚገኘው የጦር ሐኪሞች አካዳሚ ሲሞከር ጥሩ አስተያየት አገኘ። የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ ግን አልተቀበለውም። ቦዚኒ በ1809 ታይፈስ የያዛቸውን ሲያክም በሽታው ተጋብቶበት በ35 ዓመቱ ሞተ። የሠራው ዕቃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ቺካጎ ተወስዶ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ቪየና ተመልሷል።

በ1853 ፈረንሳዊው አንቶኒን ዴሶርሞ ሻማውን ትቶ በአልኮልና በተርፔንታይን ድብልቅ የሚነድ መብራት ተጠቀመ። ብርሃኑ በረታ፣ ሙቀቱም አብሮ በረታ፤ ታካሚውን የማቃጠል ስጋት ነበረው። በ1868 ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል ፍራይቡርግ ከተማ ውስጥ ሰይፍ የሚውጥ ትርዒተኛ አስጠርቶ 47 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ቱቦ አስዋጠው። ቱቦው ጨጓራ ደረሰ። ብርሃኑ ግን ስላነሰ ይህ ነው የሚባል ነገር አልታየም።

ጀርመናዊው ሐኪም ማክሲሚሊያን ኒትሰ የመጣው በሌላ ሐሳብ ነው። ብርሃኑን ከውጭ ከመላክ ይልቅ መብራቱን ራሱን ወደ ውስጥ አስገባው። ከቪየናው መሣሪያ ሠሪ ከዮሴፍ ላይተር ጋር ሆኖ በ1879 ያሳየው የሽንት ፊኛ መመልከቻ ጫፉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚግል የፕላቲነም ሽቦ ነበረው። ሽቦው ሥጋ እንዳያቃጥል በዙሪያው ውሃ ይዘዋወራል። ብዙም ሳይቆይ ትንንሽ አምፖሎች መጡና የውሃው ጣጣ ቀረ።

በዚያው ዘመን የመሣሪያዎቹ መልክም ተለወጠ። ቀደም ሲል እጀታ የሚሠራው ከዝሆን ጥርስና ከጥቁር እንጨት ነበር። ጀርም በእንፋሎት መግደል ሲለመድ እነዚህ ሙቀቱን ስላልቻሉ ሁሉም በብረት ተተካ። የድሮ የሕክምና ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ዕድሜ የሚገምቱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ የሚገኘው የሙተር ሙዚየም ደግሞ ሊታይ የሚገባ ስብስብ አለው። ሐኪሙ ሼቫሊየር ጃክሰን ከሰዎች ጉሮሮና ሳንባ ያወጣቸውን ከ2,000 በላይ ነገሮች አስቀምጧል፤ መርፌ ቁልፍ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ሳንቲም። ብዙዎቹን ያወጣው በቱቦና በረጃጅም መቆንጠጫ ነው። ሕፃናት ጉሮሯቸውን የሚያቃጥል የቤት ውስጥ ኬሚካል እንዳይጠጡ፣ ዕቃው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ የተሟገተውም እሱ ነው። ሕጉ በ1927 ወጣ።

የቀረው የቱቦው ግትርነት ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ሺንድለር በ1932 ግማሹ የሚተጣጠፍ የጨጓራ መመልከቻ አሠራ። ሙሉ በሙሉ የሚታጠፈው ግን በመስታወት ክር መጣ። ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ እየነጠረ ይጓዛል፤ ክሮቹ ሲነካኩ ግን ወደ ጎን ይፈስሳል። በ1956 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ተማሪ ላውረንስ ከርቲስ የመስታወት ዘንግ ሌላ ዓይነት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከትቶ አንድ ላይ አቅልጦ ሳበው። ክሩ የመስታወት ልባስ አገኘ፣ መፍሰሱም ቆመ። አብሮት ይሠራ የነበረው ሐኪም ባዚል ሂርሾዊትዝ በ1957 መጀመሪያ ላይ በዚህ ክር የተሠራውን መመልከቻ በቅድሚያ ራሱ ዋጠው፤ ከቀናት በኋላ አንድ ታካሚ አየበት። ስሙ ጎልቶ የሚነሳው የሂርሾዊትዝ ቢሆንም፣ ያለ ተማሪው ክር የሚዋጥ ነገር አይኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላ በቱቦው ጫፍ ትንሽ ካሜራ ተተከለ። በ1983 ዌልች አለን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ምስሉን በቴሌቪዥን የሚያሳይ ኢንዶስኮፕ አወጣ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው አንድ ዓይን ብቻ ነበር። አሁን ሐኪሙ፣ ነርሷና ተማሪው ያንኑ ቁስል እኩል እያዩ ይነጋገሩበታል።