ዕረፍት ምንድን ነው? «አረፈች» ስንል ምን እያልን ነው?

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ናት፣ ጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ዘጌ። «እምዬ አረፈች» አለችኝ።

እኔ ደግሞ «ተመስገን! ስንት ሰዓት ላይ ተኛች?» አልኳት።

አክስቴ ዝም አለች። ያኔ ነው የገባኝ። አያቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዐይኗ አልዞረም ነበር። ማታ ማታ ከባሕር ዳር ስደውል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬስ ትንሽ አረፈች?» ስለዚህ ቃሉን ስሰማ ልቤ የሄደው ወደ እንቅልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አፈርኩ። ሰው እንዴት የአያቱን መርዶ ሰምቶ «ተመስገን» ይላል?

ኀፍረቱ የለቀቀኝ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን ደግሜ ሳነብ ነው። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ «ወዳጃችን አልዓዛር ተኝቶአል» ይላቸዋል። እነሱም ልክ እንደኔ እውነተኛ እንቅልፍ መሰላቸው። ተኝቶስ ከሆነ ይድናል አሉ። ከዚያ በኋላ ነው በግልጥ «አልዓዛር ሞተ» ያላቸው። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የመጣለት ቃል «ሞተ» አልነበረም። ሊቀሰቅሰው የሚሄድ ሰው ነውና «ተኝቷል» አለ።

«አረፈ»ም የዚያው ቤተሰብ ቃል ነው። ብዙ ሰው «ሞተ» ማለት ስለሚከብድ ለጨዋነት የምንጠቀምበት ይመስለዋል። ለአክብሮትማ እንጠቀምበታለን። ግን ቃሉ ከጨዋነት ያለፈ ነገር ይዟል።

ሥሩ የግእዙ «ዐረፈ» ነው። በአማርኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአፋችን ላይ ነው። ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ወፎቹ መጥተው ውኃው ላይ ሲያርፉ ያያል። አውሮፕላኑ ባሕር ዳር አርፏል ይባላል። እንግዳ ሲመጣ «የት ነው ያረፍከው?» ብለን እንጠይቃለን። ሠራተኛው የዓመት እረፍት ይወጣል፣ ተማሪው እረፍት ሲደወል ወደ ሜዳ ይሮጣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያረፈው አልጠፋም። የሆነ ቦታ ደርሷል፣ የሆነ ሰው ተቀብሎታል። ደግሞም ይነሣል። ወፏም ትነሣለች፣ ሠራተኛውም ይመለሳል። «እረፍት ወጣ» ስንል «ተባረረ» ማለታችን አይደለም።

እዚያው ሥር ላይ የበቀለ ሌላ ቃል አለ፤ ምዕራፍ። ዛሬ የመጽሐፍ ክፍል ማለት ነው፣ ጥንቱ ግን ማረፊያ ቦታ ነው። አንባቢ ደርሶ ትንፋሽ የሚወስድበት። አስከሬን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሸኝም በሥርዓቱ ሰባት ጊዜ እየቆመ ፍትሐት ይደገማል። በዘጌ መንገዱ በቡናው ጫካ ውስጥ የሚሄድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። የተሸከሙት ሰዎች ቃሬዛውን ዝቅ ሲያደርጉ ዕጣኑ ከቅጠሉ በታች ተኝቶ ይቀራል፣ ቶሎ አይበተንም። ዲያቆኑ መስቀሉን ይዞ ይቆማል። ከዚያ ይነሣና እንደገና መንገድ ነው። ሰባት ጊዜ አረፍ፣ ሰባት ጊዜ ነሣ። ያን ቀን እኔም ተራ ደርሶኝ ተሸክሜአለሁ። እምዬ እንዲህ ቀላል መሆኗን አላውቅም ነበር።

የቅዱሳንን ታሪክ በየቀኑ የሚተርከው ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሰው ይህን ቃል በደንብ ያውቀዋል። «በዚህች ቀን አባ እገሌ አረፈ» ይላል። ለእመቤታችንም ጥር 21 የሚከበረው አስተርእዮ የዕረፍቷ በዓል ነው። በጣና ደሴቶች ላይም ያው ነው። ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ እንደ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል ያሉ ነገሥታት ዐፅም ይገኛል። «እዚህ አርፈዋል» ይሉሃል መነኮሳቱ። ለንጉሥም ለመነኩሴም ለአያቴም አንድ ቃል ነው የተሰጠው። ይህ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

እሺ፣ ያረፈው ሰው የት ነው ያረፈው? እዚህ ላይ በለቅሶ ቤት ቃላት ይደበላለቁብናል። አንዱ «ገነት ያግባልን» ይላል፣ ሌላው «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» ይላል፣ ሦስተኛው «ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን» ይላል። ሁሉም መልካም ምኞት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግን ገነትና መንግሥተ ሰማያት አንድ አይደሉም። ሥጋ ወደ አፈር ይመለሳል። የጻድቅ ነፍስ ገነት ትገባለች። ጌታ በመስቀል ላይ ለነበረው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ያለው ይህን ነው። መንግሥተ ሰማያት ግን ከትንሣኤ በኋላ ነው፣ ነፍስ ከሥጋዋ ጋር ዳግመኛ ስትገናኝ። ስለዚህ ገነት ራሷ የመቆያ ቦታ ናት። ደስታ አለባት፣ ግን የሚጠበቅ ነገር ገና አለ።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? ብዙዎቻችን «ዘለዓለማዊ ሕይወት» ሲባል ነፍስ ብቻዋን ወደ ላይ ወጥታ እንደ ጢስ የምትንሳፈፍ አድርገን ነው የምናስበው። የክርስትና ተስፋ ግን ከዚያ በጣም የሚጨበጥ ነገር ነው። ሰውዬው ሙሉውን ይነሣል የሚል ነው። በቅዳሴ ላይ በየጊዜው የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻው ይኸው ነው፤ የሙታንን መነሣት፣ የሚመጣውንም ሕይወት ተስፋ እናደርጋለን። ይህን ክፍል በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ናቸው ያጸኑት። በግእዙ ቃሉ «ንሴፎ» ነው፣ «ተስፋ» የሚለውም ከዚያው ግስ የወጣ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ወንሴፎ» ሲባል ግን ከመቋሚያዋ ቀና ትል ነበር። ትርጉሙን ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ሳስበው ልጠይቃት ይገባኝ ነበር።

ለአረጋዊ ሰው ደግሞ ይህ ትምህርት የተለየ ጣዕም አለው። መዝሙረኛው ዕድሜያችን 70 ዓመት፣ ቢበረታም 80 ነው ይላል። እምዬ 80ን ካለፈች ቆይታለች። ጉልበቷ ከዳት፣ ጆሮዋ ከዳት፣ መጨረሻ ላይ ቡና እንኳ ራሷ መቅዳት አቃታት። በዘጌ ላደገች ሴት ቡና መቅዳት አለመቻል ትልቅ ነገር ነው። ጀበናውን በሁለት እጇ ይዛ ስትንቀጠቀጥ አክስቴ ቀስ ብላ ትቀበላታለች፣ እሷም ፊቷን ታዞራለች።

ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ስለ ሙታን ሥጋ ሲጽፍ «በድካም ይዘራል፥ በኃይል ይነሣል» ይላል። ይህን ቃል ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ትዝ ካለኝ በኋላ ግን ሌላ ሆነብኝ። እየተባለ ያለው እኮ «ድካሙ ተገላገለ» ብቻ አይደለም። ያው የደከመው እጅ በኃይል ይነሣል ነው። ጳውሎስ ምሳሌውን ከስንዴ ወሰደ። ዘጌ እርሻ የለም፣ ቡና ነው። ግን ቡናውም ያው ነው። ፍሬው ከዛፉ ሥር ይወድቃል፣ ቅጠል ይሸፍነዋል፣ ትረሳዋለህ። ከሳምንታት በኋላ ቀጭን አንገት ይዞ ብቅ ይላል። የተቀበረችው ፍሬ ራሷ በአናቱ ላይ ተቀምጣለች። እንደ ባርኔጣ። ልጆች ሳለን እምዬ እነዚህን እንዳንረግጥ ትቆጣን ነበር።

አረጋውያን አማኞች ሞትን የሚያዩበት ዐይን ከእኛ ይለያል። እምዬ ሳጥን ነበራት። ውስጡ መግነዟ፣ የታጠፈ አቡጀዲ፣ አንድ እስር ጧፍ፣ በትንሽ ፌስታል ዕጣን፣ በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ብር። ለካህናቱ ነው። ሳጥኑን በየዓመቱ በበጋ ታወጣና ፀሐይ ታስመታዋለች። ብል እንዳይበላባት። መግነዟ እንደ በዓል ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ሲታይ እኛ ልጆች እንፈራ ነበር። እሷ ግን እንደ ሰርግ ጥሎሽ ነበር የምትይዘው። በመጨረሻዎቹ ወራት ጸሎቷ አንድ ሆነ፤ «አሁንስ አሰናብተኝ»። ይህ ከሉቃስ ወንጌል የመጣ ነው። አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን ኢየሱስን ታቅፎ «ጌታ ሆይ፥ አሁን ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» አለ። ስንብት ደግሞ የሚጠየቀው ከባለቤት ነው። ዝም ብሎ አይወጣም።

አሁን የምቆጣበት ነገር ላይ ደረስኩ። ሟቹ አዛውንት ሲሆን ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አንድ ንግግር አለው፤ «ምን ታለቅሳላችሁ፣ ጠግባ ነው የሞተችው! የልጅ ልጅ አይታ!» ለማጽናናት ነው፣ አውቃለሁ። አክስቴ ግን ይህን በሰማች ቁጥር እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ቶሎ ትጠርጋለች፣ ጥፋት የሠራች ይመስል። 50 ዓመት ሙሉ አብራት የኖረች እናቷ ናት እኮ። እናት ስታረጅ እናትነቷ ይቀንሳል?

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አላለም። ሣራ ስትሞት ዕድሜዋ 127 ነበር። ከዚህ በላይ መጥገብ የት አለ? ዘፍጥረት 23 ግን አብርሃም ሊያዝንላትና ሊያለቅስላት መጣ ይላል። የእምነት አባት የተባለው ሰው፣ ለ127 ዓመቷ ሚስቱ አለቀሰ። ጌታም ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ በመቃብሩ መንገድ ላይ እንባውን አፈሰሰ። ትንሣኤን ማመን እንባን አያደርቅም ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4 የጻፈውን ሰዎች ገምሰው ነው የሚጠቅሱት። «አትዘኑ» አላለም። ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ ነው ያለው። ሐዘኑን ትቶልናል፣ ተስፋ መቁረጡን ነው የከለከለው። ደረት መድቃትን፣ ፊት መንጨትን ካህናት የሚገሥጹትም ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ልቅሶው «በቃ፣ ጠፋች» ማለት ይጀምራል። «አረፈች» ያለ አፍ ደግሞ «ጠፋች» ማለት የለበትም።

ጴንጤ የሆነ ጓደኛዬም ሊያጽናናኝ መጥቶ ነበር። እነሱ ዘንድ «ወደ ጌታ ሄደች» ይባላል። ፍትሐት የላቸውም፣ ተዝካርም የላቸውም፣ በዚህ እንለያያለን። ስለ ትንሣኤ ግን ከሻይ እስከ ሻይ ስናወራ አንድ ቦታ ላይ አልተጣላንም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ንፍሮ እየቆረጠመ አመሸ።

ለአርባዋ በማለዳ ጀልባ ከባሕር ዳር ተነሣሁ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የደንገል ታንኳዎች ውኃ ጠጥተው ከብደው ዳር ላይ ተጎትተዋል፣ ፀሐይ እስኪያደርቃቸው። አክስቴ ከወደቡ ተቀበለችኝና በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄድን። ሥርዓቱ ሟች ፊቱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ እንዲቀበር ነው፣ ጌታ ከምሥራቅ ይመጣል ብለን ስለምንጠብቅ። እምዬም እንዲሁ ናት። በዘጌ ደግሞ ምሥራቅ ማለት ሐይቁ ነው። አክስቴ በእጇ አሳየችኝ፣ «በዚህ በኩል ነው የምታየው» ብላ። በዛፎቹ መሐል ውኃው ያንጸባርቅ ነበር፣ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው።