«ኤክስቴንሽን» ማታ አይደለም

«ምን ነበር የተማርከው?»
«የግብርና ኤክስቴንሽን።»
«አሃ፣ ማታ ማታ!»

ይሄ ነገር ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ደርሶብኛል። ማታ አይደለም። የምርምር ጣቢያውን እውቀት ለገበሬው፣ የገበሬውን ችግር ለተመራማሪው የሚያደርስ ሙያ ነው። ሐረማያም ሐዋሳም በጠራራ ፀሐይ ይሰጣል።

«ያው ዲኤ ልትሆን ነው» የሚሉም አሉ። ዲኤዎቹ፣ ማለትም የልማት ሠራተኞቹ፣ በብዛት ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የሚወጡ ናቸው፤ በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት እየተባሉ ይመደባሉ። የእኛ ተመራቂ ብዙ ጊዜ ወረዳ ግብርና ነው የሚገባው። ደግሞስ ዲኤ መሆን ምን ነውር አለው?

«የግብርና ምክር 8028 ተደውሎ ይሰማ የለ እንዴ?» ይሰማል፣ በነፃ። ማሳ ገብቶ ቅጠል ግን አያገላብጥም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። «ገበሬው አይሰማም፣ አዲስ ነገር አይወድም።» ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ይዘውት ይመጣሉ። እኔም ይዤው ነበር።

አፓረንት (የተግባር ልምምድ) የወጣሁ ጊዜ ጤፍ በመስመር መዝራትን ላስተምር ሄድኩ። በብተና ለሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይፈጃል፤ በመስመር 5 ኪሎ ይበቃል። ሾላ ሥር ቆሜ አንድ ሰዓት ለፈለፍኩ። ሁሉም «እሺ፣ እሺ» አለ። በሳምንቱ ስመለስ ሁሉም በትኗል። በገንኩ።

አንድ አባት ማሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ጤፉን እያንጠባጠቡ አንድ መስመር ጨረሱ። ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ዘሩን ቆጠብክልኝ። ጉልበቱንስ? ብቻዬን በግማሽ ቀን የምበትነውን በዚህ ልዝራው ብል ደቦ ልጠራ ነው። ደቦው ይበላል፣ ይጠጣል። ዝናቡስ ይጠብቀኛል?»

ሰምተውኝ ኖሯል። አስልተው ነው የተዉት። ስለ ጉልበት አንዲት ጥያቄ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

እናንተ ተማሪዎቼ ስትወጡ መጀመሪያ ጠይቁ። ማን ይዘራል? ማን ያርማል? ሴቶቹንም ጠይቁ፣ አረሙ ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ስብሰባ ደግሞ በገበያ ቀን አትጥሩ። ኦርቶዶክስ አገር ከሆነ ሞፈር በማይነሳበት ቀን፣ በማርያም ዕለት ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቋቸው። ሰዉ በርበሬውን ጭኖ ገበያ በወረደበት ቀን ባዶ ዳስ ውስጥ ቆማችሁ «አይሰማም» እንዳትሉኝ።